የባቄላው ጦር ደንብ፦ ከሮቤ እስከ ሪራ

ከባሌ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እህቴ እስካሁን ባየችኝ ቁጥር «ለዚህ ብለሽ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው?» ትለኛለች። አዎ፣ ለዚህ ብዬ ነው። ሂጂ ብባል ነገም እሄዳለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የጠረጴዛ ጦርነት የሚባል ጨዋታ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ጣት የማያክሉ ወታደሮች ይደረድራሉ፤ በማስመሪያ እየለኩና ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። እግረኛው ስንት እርምጃ ይሄዳል፣ ፈረሱ መቼ ይደክማል፣ ማን መቼ ይሸሻል የሚለውን የሚወስን ትንሽ የደንብ መጽሐፍ አላቸው። እኔ የምሰበስበው ወታደሮቹን ሳይሆን ደንቦቹን ነው፤ ያውም የድሮዎቹን፣ ሰዎች በየቤታቸው ተይበው በስቴንስል ያባዟቸውን። ጡረታ እስክወጣ ማተሚያ ቤት አራሚ ስለነበርኩ ወረቀት ያናግረኛል። ሽፋኑ ላይ ዓመተ ምህረት ባይኖር እንኳ የስቴፕለሩ ሽቦ ዝገት፣ የወረቀቱ ውፍረት፣ የታይፑ ፊደል የተሰበረች እግር ዕድሜውንና የትውልድ ቦታውን ይነግሩኛል። አርባ ሰባት አሉኝ። ሁሉም እንግሊዝኛ ናቸው።

አንድ ቀን ጎባ ተወልዳ ያደገች የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቤቴ መጥታ አንዱን አነሳችና፣ «የኛ ሒሳብ አስተማሪ መምህር ከድር እንዲህ ያለ ነገር ነበራቸው። የሳቸው ግን በአማርኛ ነው። በባቄላ ልጆቹን ሲያጫውቱ አይ ነበር» አለችኝ። ይህንኑ እንደ እኔው ለሚሰበስብ አንድ ሰው ብነግረው ሳቀ። «በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ አያውቅም። ቢኖር ኖሮ እኔ አውቀው ነበር» አለኝ።

በነጋታው ትኬት ቆረጥኩ።

የመጀመሪያው ቀን

በአሰላ በኩል የሚሄደው አውቶቡስ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ጉልበቴ ላይ መጽሐፉን ካገኘሁ የማኖርበት አዲስ የካርቶን ማህደር አለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዶዶላ ላለች ልጃቸው ዘይት ይዘዋል። በቆጂን ሳናልፍ የጄሪካኑ ክዳን ተከፍቶ ዘይቱ ማህደሬን አጥግቦ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ እኔ ከደነገጥኩት በላይ ደነገጡ። ቦርሳቸውን ፈትሸው የልጃቸው የትምህርት ማስረጃ ያለበትን ጠንካራ የፕላስቲክ ማህደር አወጡ፤ ማስረጃውን በነጠላቸው ጠቀለሉና ባዶውን እጄ ላይ አኖሩት።

«ኧረ እማማ፣ ዲግሪ እኮ ነው!»

«ዲግሪው የትም አይሄድም፤ ተመርቃለች። ያንቺ ገና ነው» አሉኝ።

ከዶዶላ ወዲያ ስንዴው ማለቂያ የለውም። እኛ ሰፈር ሁለት ክንድ መሬት ላይ አጥር የሚገፋፋ ሰው ስላየሁ፣ ኮምባይነር ሄዶ ሄዶ እንደ ጉንዳን የሚያንስበት እርሻ ሳይ በአዲስ አበቤነቴ አፈርኩ። ዲንሾ ላይ መስኮት የሚዘጋ ጠፍቶ ሁላችንም ተንቀጠቀጥን። ሮቤ ስንገባ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ያረፍኩበት ቤት ሻወሩ ሙቅ ውሃ የለውም፤ ባለቤቲቱ ግን ዘይት የነካውን እግሬን አይታ ሳልጠይቃት አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ይዛ መጣች። የመጣሁበትን ስነግራት አልሳቀችም። «መምህር ከድርን? አባቴን አስተምረዋል» ብላ ቤታቸውን ነገረችኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጎባ ከሮቤ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። መምህር ከድር በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንፋሻቸው የሚያፏጭ ሽማግሌ ናቸው። አካም ቡልቴ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ፤ ይህ ሁሉ ሳያልቅ ወደ ጉዳይ መግባት አልተቻለም። ልጃቸው ሐዋ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን አቀረበች። ሐዋ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የአባቷን ሳንባ እንደ ሕፃን ትጠብቃለች።

«መጽሐፉን ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ መምህር።

«እሰበስባለሁ።»

«ቅጠልም ይሰበሰባል።»

«መኖሩን ላሳይ ነው የመጣሁት። የለም ያለኝ ሰው አለ።»

ይህን ሲሰሙ ተነሱ። ከመኝታ ቤት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ መሃላቸው የታጠፈ ሁለት ወረቀቶች። በሰማያዊ የስቴንስል ቀለም፣ በአማርኛ ታይፕ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበት አንቀጽ ይህ ነበር፦

«ጉም። ዳይሱ አምስት ወይም ስድስት ካለ ጉም ወርዷል። ከአንድ ስንዝር በላይ ያለ ጠላት አይታይም። ወዳጅም አይታይም።»

ቀጥሎ፦ «ፈረስ ሽቅብ በተከታታይ ከሁለት ዙር በላይ አይጋልብም። የሚከራከር ጋልቦ ይሞክር።» ታች ደግሞ በትልልቁ፦ «የተማረከ ባቄላ አይበላም።»

ስንት ዓመት ሙሉ የሌላ አገር ሜዳ፣ የሌላ አገር ፈረስ ሳነብ ኖሬ፣ ጉሙ የኛ የሆነ ደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ታሪኩን ቀስ ብለው አወሩኝ። ወጣት መምህር ሳሉ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ የእንግሊዝኛ ደንብ ትቶላቸው ሄደ። ለተማሪዎቻቸው ሲተረጉሙ አልሆነላቸውም፤ በዚያ ደንብ ውስጥ ጭቃም ጉምም የለም። ስለዚህ የራሳቸውን ጻፉ። እግረኛው ባቄላ፣ ፈረሰኛው በቆሎ፣ ተራራው ብርድ ልብስ የለበሰ የመጽሐፍ ክምር። ልጆቹ መደመርና መቀነስን እየተዋጉ ተማሩ። ከዚያ ዘመኑ ከፋ። አንድ ቀን ከላይ የመጣ ሰው፣ ጦርነት የሚጫወት፣ ካርታ የሚሥል የተማሪ ቡድን ምን ያሴራል ብሎ ጠየቀ። መጽሐፎቹ ሁሉ ተሰብስበው ግቢው ውስጥ ተቃጠሉ።

«አንዱን አላስረከብኩም» አሉ መምህር። «ሽቦውን ነቅዬ በተንኳት።»

ባለ አሥራ ስድስት ገጽ መጽሐፍ ማለት መሃሉ የታጠፈ አራት ወረቀት ነው። ሁለቱን እሳቸው ደበቁ። አንዱን ድንቅነሽ ለምትባል ተማሪ፣ ሽፋን የሆነውን የመጨረሻውን ወረቀት ቃሲም ለሚባል ተማሪ ሰጡ። አንድ ቅጠል ቢያዝ ምንነቱ አይታወቅም ብለው ነው።

«ለምን መልሰው አልሰበሰቧቸውም?» አልኩ።

የወረቀቶቹን ጠርዝ አስተካከሉ።

«የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ላይ የራሴን ፍርሃት ጫንኩባቸው። ቃሲም በዚያው ወር ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ። በወረቀቱ ጦስ ነው። በምን ዓይኔ ነው ሄጄ መልሱልኝ የምለው?»

«እኔ ልጠይቃቸው?»

«አንቺ እንኳ ነገርሽ ችኮ ነው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ሦስተኛው ቀን

ድንቅነሽ ሮቤ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላት። አባቷ ከሆሳዕና ለንግድ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሷ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀያየረች ደንበኛ ታስተናግዳለች። ዕድሜያችን እኩል ነው። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ተዘጋ።

«ምን ወረቀት? አላውቅም።»

«መምህር ከድር ናቸው የላኩኝ።»

«ማንም እንደዚያ ይላል።»

ከዚያ ከኋላዋ ሁለት ሣጥን አወረደች። ከአንዱ ሚስማር፣ ከሌላው መሃሉ የተበሳ ክብ ሮንዴላ ዘግና ባንኮኒው ላይ አፈሰሰች። «ከሳቸው ከመጣሽ ደንቡን ታውቂያለሽ። ተጫወቺ።»

ትናንት ያነበብኩት ስምንት ገጽ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹን ሚስማሮች ፈረሰኛ፣ የታጠፈ የሲሚንቶ ከረጢት ተራራ አድርጌ በሚስማር ተሰልፌ ገባሁ። ሁለት ቆርቆሮ የሚፈልግ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት፣ «ጠብቅ፣ ጦርነት ላይ ነኝ» አለችው። ሰውዬው ቀርቦ ያይ ጀመር፤ ወዲያው ለሷ ወገነ። ፈረሰኛዬን ሦስተኛ ዙር ሽቅብ ልነዳ ስል፣ ደንቡ ትዝ አለኝና ወደ ኋላ መለስኩት።

ድንቅነሽ እጇን ከሮንዴላዎቹ ላይ አነሳች። «ሰዉ ሁሉ እዚያ ላይ ይሳሳታል» አለች፤ ድምጿ ተለውጧል። «እሺ፣ ከሳቸው ነው የመጣሽው።»

ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአባቷ ፎቶ ፍሬም ጀርባ ወጣ። ባለቤቷ እስኪሞት ድረስ እንኳ እንዳላወቀ ነገረችኝ። ወደ ብርሃኑ ወስጄ መረመርኩት። «ጦ» የሚለው ፊደል በመምህር ወረቀቶች ላይ እንዳለው ሁሉ የግራ እግሩ ተሰብሯል። የሽቦው ሁለት የዝገት ነጥቦች መሃሉ ላይ፣ በተመሳሳይ ርቀት ተቀምጠዋል። አንድ መጽሐፍ ነው፤ ጥርጥር የለውም።

መምህር ሸክም ጫንኩባቸው እያሉ እንደሚጸጸቱ ነገርኳት። ተቆጣች።

«ሸክም? ቡድኑ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ። አባቴ ቤት ሱቅ እንኳ አያስጠብቀኝም ነበር። እሳቸው ግን ይህን ሰጡኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመንኩት በዚህ ነው። ሂጂና ይህን ንገሪያቸው!»

ቆርቆሮ ፈላጊው ቆርቆሮውን ሳይገዛ ሄደ።

አራተኛው ቀን

ቃሲም ሪራ ነው ያለው አለችኝ ድንቅነሽ፤ ከሳነቴ ተራራ ወዲያ፣ ሃረና ጫካ አፋፍ ላይ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ሳነቴ ላይ ጅባራው በውርጭ ተጀቡኖ ቆሟል፤ ሰዎች ቀይ ቀበሮ አለ እያሉ ቢያሳዩኝም እኔ እግሬን ከማሸት ቀና አላልኩም። ሾፌሩ የራሱን ፎጣ አውጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጫካው መጣ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከክረምት ወደ በጋ እንደ መግባት ነው።

ኦቦ ቃሲም የጫካ ቡና እየለቀመና ቀፎ እየሰቀለ የሚኖር ጠንካራ ሰው ነው። «ኮቱ፣ ግቢ» ብሎ ተቀበለኝ። ማር በሳህን፣ ወተት በቅል፣ ሚስቱ ደግሞ እግሬን የማሞቅበት እሳት። ስለ ወረቀቱ ስነግረው አልካደም።

«አለኝ። አልሰጥሽም።»

«ሌሎቹ ሦስቱ ተገኝተዋል እኮ። ፎቶ አነሳቸዋለሁ እንጂ…»

«እህቴ፣ በርሲሳ፣ መምህሬ፣ ሲሰጡኝ ለማንም አትስጥ አሉኝ። እሺ አልኩ። ማርም፣ ቤቴንም፣ አልጋዬንም ውሰጂ። ይህን ግን እሳቸው ራሳቸው ካልመጡ፣ ወላሂ፣ አልሰጥም።»

«ታመዋል። ሳነቴን መሻገር አይችሉም።»

«ኢንሻአላህ እስኪሻላቸው እጠብቃለሁ። እስካሁንም ጠብቄያለሁ።»

ስልክ እንዳልደውል ኔትወርክ የለም። አልጋውን ለቆልኝ ከውጭኛው ክፍል ተኛ። እኔ ችኮ ነኝ ስል፣ እውነተኛው ችኮ ሪራ ነበር። ተናደድኩበትም፣ ወደድኩትም።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ማር ቋጥረውልኝ ወደ ጎባ ተመለስኩ። መምህር ከነጋ ጀምሮ በራቸው ላይ ናቸው። የድንቅነሽን መልእክት ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። የቃሲምን ስነግራቸው ኮታቸውን ጠየቁ።

ሐዋ በሩ ላይ ቆመች።

«አባ፣ አይሆንም። እዚህ ጎባ እንኳ ትንፋሽ ያጥርዎታል። እዚያ ላይ ደግሞ አየሩ ግማሽ ነው። ለአንድ ወረቀት?» ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ ቢሆኑ ምን አለበት ቢተዉን?»

እውነቷን ነበር። ያን ሰዓት ልተወው ብዬ አስቤያለሁ፤ አልዋሽም። መልሱ ግን የኔ አልነበረም።

«ሐዋ ልጄ» አሉ መምህር፣ «የሳንባውን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ። እሺ ብዬ መድኃኒትሽን ስወስድ ኖሬያለሁ። ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ብተነፍስ ምን ልሠራበት ነው? ልጁ እየጠበቀኝ ነው።»

«ልጁ ስልሳ ዓመት አልፎታል!»

«ለኔ ልጅ ነው።»

ሐዋ ወደ ጓዳ ገባች። ከውስጥ ዕቃ የሚያንኳኳ ድምፅ ተሰማ። ስትወጣ የሚነፋውን መድኃኒት፣ ሁለት ጋቢና የራሷን ቦርሳ ይዛለች። «እኔም እሄዳለሁ። ደግሞ አንድ ቃል እንዳትናገሩኝ።»

ስድስተኛው ቀን

ድንቅነሽ መደብሯን ዘግታ ዕቃ የምታመላልስበትን ፒካፕ ራሷ ነድታ መጣች። መምህርን ስታይ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዟት።

ሳነቴ ላይ ጉሙ ወረደ። የመኪናው አፍንጫ ጠፋ። ድንቅነሽ ቆመች፤ መሄድ አይቻልም። ከኋላ ወንበር የመምህር ትንፋሽ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጣ። ሐዋ መድኃኒቱን አፋቸው ላይ ይዛ «ቀስ አባ፣ ቀስ» ትላለች። ከንፈራቸው አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት፤ አርባ ሰባቱንም መጽሐፎቼን ባቃጥላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

«እንመለስ» አልኩ።

መምህር እጃቸውን አነሱ። መናገር አልቻሉም፤ ጣታቸውን ብቻ ወደ ፊት ቀሰሩ።

ድንቅነሽ ከመኪናው ወረደች። ሻርፗን አናቷ ላይ አሥራ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ ከፊት እየተራመደች መንገዱን ታሳየን ጀመር፤ ሐዋ መድኃኒቱን ለኔ ሰጥታ መሪውን ያዘች። በሰው እርምጃ ሄድን። ያ ሁሉ ርቀት ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ድንቅነሽ ተመልሳ ስትገባ ቅንድቧ ላይ ውርጭ ነበር። ጫካው ጋ ስንደርስ አየሩ ወፈረ፤ መምህር መስኮቱን አስከፍተው በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሃምዱሊላህ» አለች ሐዋ፤ ከዚያ መኪናውን አቁማ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ኦቦ ቃሲም ቡና እያሰጣ ነበር። መኪናውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ልክ ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲገባ እንደሚቆመው።

«በርሲሳ» አለ።

«ቃሲም። ይቅር በለኝ። በኔ ጦስ ትምህርትህን…»

«ማን አለ?» ቃሲም ግራ ገባው። «አባቴ ሞተብኝ እኮ በርሲሳ። ከብቱን የሚጠብቅ ጠፋ። ሳልሰናበትዎት ስለሄድኩ እኔ ነኝ ሳፍር የኖርኩት።»

መምህር ከድር ያን ሁሉ ዓመት የያዙት ነገር በዚህች በአንድ አፍታ ከእጃቸው ወደቀ። የሚደገፉት አጥተው የቃሲምን ትከሻ ያዙ። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። እኛ ሦስት ሴቶች ቡናውን ስናይ ነበር።

ወረቀቱ ከጣሪያው ሥር፣ በሰም የታሸገ የቀርከሃ ቀፎ ቁራጭ ውስጥ ነበር። ንብ ያልገባበት ቀፎ ማንም አይከፍትም ብሎ ነው። በፕላስቲክ ማህደሩ ካመጣናቸው ሦስቱ ጋር አራቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገባኋቸው። የዝገቱ ነጥቦች ገጠሙ። በመርፌና በክር፣ በድሮው ቀዳዳ፣ አዲስ ሳልበሳ ሰፋሁት። ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ። «ይዘሽው ሂጂ፣ ላንቺ ይገባል» አሉኝ መምህር። ዓይኔ እየፈለገው እንቢ አልኩ። እንደ ቃሲም የሚጠብቅ ቤት እኔ የለኝም። መጽሐፉ እዚያው ቃሲም ዘንድ እንዲቆይ ተስማማን።

ሽፋኑ ላይ «የባቄላ ጦር ደንብ» ይላል። ከሥሩ «አዘጋጅ፦» ይልና ቀጥሎ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። ሥር ያለውን ፊደል ለማንበብ ወደ ብርሃኑ ባዞረውም አልቻልኩም።

«አትልፊ» አሉ መምህር። «ስሜ ነው። ለቃሲም ከመስጠቴ በፊት እኔው ነኝ የሰረዝኩት። ፈርቼ ነበር።» እጃቸውን ዘረጉ። «እስክሪብቶ አለሽ?»

በድሮ ወረቀት ላይ አዲስ ቀለም ማስነካት በኛ በሰብሳቢዎች ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም ስንቱን ተቆጥቼበታለሁ። እስክሪብቶዬን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

ከጥቁሩ በታች፣ በሰሌዳ ጽሕፈታቸው፣ ቀስ ብለው «ድንቅነሽ» ብለው ጻፉ። ድንቅነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥሎ «ቃሲም» ብለው ጻፉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው በመጨረሻ የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው፣ ከሁሉም በላይ አተልቀው ጻፉት። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት እኔ በሁለት እጄ ጫፉን ይዤ ነበር።